የጎዘጎዝነው ማስረጃ

እኔን ፍርድ ቤት ያቆመኝ እንቅልፌ ነው። በእንቅልፉ የሚራመድ ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ፤ በእንቅልፉ የሚሳደብ አጎትም ነበረኝ። በእንቅልፉ ከሳሽ ሆኖ የነቃ ሰው ግን እስካሁን ከእኔ በቀር አላጋጠመኝም፤ ካለ ጥሩልኝና እንተዋወቅ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ፣ ፊቷን ወደ ጨፌው አዙራ ነው የምትውለው። ጨፌ የምላችሁ በሰፈራችን መሐል ያለችውን ረግረግ ነው። ከአናቷ ምንጭ አለች፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ከእሷ ነው። ቧንቧ የለንም አላልኩም፤ አለን፤ ቧንቧችን ግን እንደ ሩቅ ዘመድ በበዓል በበዓል ነው ብቅ የሚለው። ከምንጯ በታች ቄጠማ፣ ከቄጠማው ውስጥ እንቁራሪት፣ ከእንቁራሪቶቹ ማዶ እኔ።

ከተማችን መካነ ሰላም ጠዋት ጉም ስትለብስ ጉሙ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች ጨፌ ላይ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ በረንዳዬ ይወጣል፣ በመኪናዬ ሥር ያልፋል፣ ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ እግሬ ፔዳሉን ይረግጣል እንጂ እኔ የለሁም። ውሃው ከታች ይንሾካሾካል፣ መኪናዋ ታንጎራጉራለች፣ ዓይኔ ይከደናል። የያዝኩት ጨርቅ ይሁን ጉም መለየት ያቅተኛል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኜ የአንድ ደንበኛዬ ሱሪ ላይ እጅጌ ሰፋሁበት። ሰውየው ሱሪውን ወደ ብርሃን አውጥቶ ብዙ አየውና "ወንድሜ፣ ይሄ ለየትኛው እጄ ነው?" አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ከድር ከዓረብ አገር የመጣ ጊዜ ነው። ከድር የጎረቤቴ የእትዬ ዘሀራ አንድ ልጅ ነው። ወጣትነቱን በሰው አገር የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ "ኸላስ፣ በቃኝ፣ ከእንግዲህ ከእናቴ አልለይም" ብሎ ገባ። ከጨፌው በላይ ባለው የአባቱ ቦታ ላይ ባለፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ አሰበ። ከከላላ የሚመጣ ገበያተኛ፣ ከወረኢሉ የሚመጣ ነጋዴ ማደሪያ የለውም፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሰፈሩ በደስታ አበደ። እኔም የመጋረጃውን ስፌት በልቤ ተዋዋልኩ።

ለፎቅ ግን የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከፈቃዱ በፊት ደግሞ ልየታ የሚባል ነገር አለ፤ እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። አንድ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ያያል። ሕንፃው ውሃውን፣ አፈሩን፣ ሰዉን ይጎዳል ብሎ ከሰጋ "ሙሉ ጥናት ይደረግ" ይላል። ካልሰጋ "ምንም የለበትም" ብሎ ይፈርማል፣ ፈቃዱ ይሰጣል። እኛ ከዚህ ሁሉ የሰማነው አንዱን ብቻ ነው፤ ሰው ይመጣል የሚለውን።

እትዬ ዘሀራ በማለዳ በሬን ደበደቡት።

"አንተ! ተኝተሃል? የመንግሥት እንግዳ ሊመጣብን! ይሄን ጭቃ ነው የምናሳየው? ወላሂ ዛሬ ወሎን ታሰድባታለህ!"

ወሎን ማሰደብ! ሰነፍ ተብያለሁ፣ እንቅልፋም ተብያለሁ፣ እንዲያውም በባለቤቴ አፍ ከዚያ የባሰም ተብያለሁ። ይሄን ግን አልችለውም። ማጭዴን ይዤ ወጣሁ። ሰፈሩም እስላም ክርስቲያን ሳይል ወጣ። የእንግዳው እግር እንዳይረጥብ ቦይ ቀደን ውሃውን ወደ ታች ለቀቅነው። ቄጠማውን ከሥሩ አጨድነው። እንቁራሪቶቹ እንግዳ ሲናገር ጣልቃ እንዳይገቡ በጆንያ ለቅመን ወደ ወንዝ ሸኘናቸው። ጋጋኖ የሚባሉትን ወፎች በጩኸት አባረርናቸው። የምንጯን አፍ፣ ሰውየው ድንገት እንዳይገባባት ብለን፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደንናት። በድንጋዩ ላይ ወንበር፣ በወንበሩ ላይ የእትዬ ዘሀራን ስጋጃ አደረግን። በመጨረሻ ያጨድነውን ቄጠማ ከመንገዱ እስከ ወንበሩ ጎዘጎዝነው። ጉሙ ሲገለጥ ጨፌው የሠርግ ቤት ሆኖ ቁጭ አለ። አላህ ያሳያችሁ፣ እንዴት እንዳማረ!

ባለሙያው ትሁት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነበር። በቄጠማው ላይ እየተራመደ መጣ፣ ምንጯ ላይ ተቀመጠ፣ እርጎውን ጠጣ። ከዚያ ዙሪያውን አየና ጠየቀ።

"ይሄ ቦታ ውሃ ይተኛበታል እንዴ?"

"ኧረ ምን ውሃ!" አልነው በአንድ ድምፅ። ጫማው አዲስ ነበራ፤ አሳዘነን። "አይስጉ፣ እንደ ልብዎ ይርገጡ! ጠብ የምትል የለችም!"

"አእዋፍ፣ እንስሳትስ?"

"ማንም አያስቸግርዎትም" አልኩ እኔ ደረቴን ነፍቼ። "እኛ እያለን!"

እየጻፈ ሄደ። እኛም እስከ መንገድ ሸኝተነው ስንመለስ "እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው!" ተባባልን። ወንበሩን አነሣን፣ ምንጯን ገለጥናት፣ ቦዩን ደፈንነው። ሥራዬን ጨርሼ በረንዳዬ ላይ እንደዚያን ቀን በኩራት የተኛሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

ቄጠማ ጨዋ ተክል ነው፤ ቢያጭዱትም አይቀየምም። ክረምቱ ሲገባ ጨፌው ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ እንቁራሪቶቹም መንገዱን ማን እንዳሳያቸው እንጃ፣ መጥተው ያንኑ ወሬያቸውን ቀጠሉ። አንድ ጠዋት በጉሙ ውስጥ ሰዎች ወዲያ ወዲህ ሲሉ አየሁ። ሕልም መሰለኝና ትንሽ ጠበቅኋቸው። አልጠፉም። ከድር ቀያሾች ይዞ መጥቶ ከምንጯ አናት ላይ ችካል ይተክላል።

"ከድሬ፣ ይሄ ምኑ ነው? በሩ ነው?"

"አይ ጋሼ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ነው። የሽንት ቤቱ።"

"ከምንጯ በላይ?"

"መሐንዲሱ እዚህ ነው የሚመቸው አለ። ፈቃዱም እዚሁ ላይ ነው የተሰጠ። ልየታው አልፏል ጋሼ፣ ምንም አያመጣም ተብሏል።"

ነቃሁ። እንደዚያ ነቅቼ አላውቅም። አንድ ፎቅ ሙሉ እንግዳ ያመሸበትን ሁሉ ጠዋት እኛ በጀሪካን ልንቀዳው!

ሰፈሩ መሰብሰቢያችን ከሆነው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ከሰዓት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ ለስለስ ብላለች። የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ይማም ስለ ውሃ ጥቅም ከኖህ ዘመን ጀመሩ። እኔን መርከቡ ሳይሠራ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ የስፌት ጠረጴዛዬ ታንኳ ሆናለች፤ በቄጠማው መሐል ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ እኔ በመቅዘፊያ ፈንታ በሜትሬ እቀዝፋለሁ፤ ዳርና ዳር የቆሙ ጋጋኖዎች ልብስ ሊለኩ ተራ ይጠብቃሉ። ከዚያ ጭብጨባ ሰማሁና ነቃሁ። ለካ "በሰፈሩ ስም ማን ይክሰስልን?" ተብሎ ሰው ሁሉ ዝም ሲል የእኔ አንገት ወደ ፊት ወደቅ፣ ቀና፣ ወደቅ፣ ቀና ይል ነበር።

አያ ይማም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አብሽር! እንዲህ ሳያንገራግር እሺ ያለ ሰው አይተን አናውቅም" አሉ። ምን ልበል? ተኝቼ ነበር ልበል?

እትዬ ዘሀራ ብቻ አላጨበጨቡም። ሰው ሲበተን እጄን ያዙኝ።

"ክሰስ" አሉኝ። "ውሃዋ የሁላችን ናት፤ ክሰስ። ልጄን ግን እንዳትነካብኝ።"

"እትዬ፣ የምከሰው ፈቃዱን ነው። ባለፈቃዱ ደግሞ ልጅዎ ነው።"

"እሱን አላውቅም። ፎቁ ከቀረበት ተመልሶ ይሄድብኛል። ምንጯ ከተበላሸች ደግሞ . . ." በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ብቻ አንተ አዋቂ ነህ፤ እንደምታደርግ አድርገው።"

ሱሪ ላይ እጅጌ የሚሰፋ አዋቂ!

መጀመሪያ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። የባለሙያውን ጽሑፍ አወጡና አነበቡልኝ። ሰውየው አንዲት ቃል አልዋሸም፤ ያየውንና የነገርነውን ነው የጻፈው። ቦታው ደረቅ ነው። የረግረግ ተክል የለም። ወፍ አልታየም። ውሃ እንደሌለ ነዋሪው በአንድ ድምፅ አረጋግጧል። ስለዚህ ሙሉ ጥናት አያስፈልግም። ፎቶም ነበረበት። ፎቶው ላይ ሰፈሩ በሙሉ ቄጠማው ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ከሁሉም ሰፋ አድርጎ የሚስቀው እኔ ነኝ።

"ቅር ካለህ ፍርድ ቤት አለልህ" አሉኝ። ቅር አለኝ፤ በራሴ። ግን ራስን መክሰስ አይቻልም ሲሉኝ ልየታው ይሻርልን ብዬ ቢሮውንና ከድርን አንድ ላይ ከሰስኩ። ጉድጓዱ ለጊዜው ታገደ።

የቀጠሮ ቀን ሲደርስ እትዬ ዘሀራ ድፎ ዳቦ ይጋግሩና ይቆርሱታል፤ አንዱን ጉማጅ ለከሳሽ፣ አንዱን ለተከሳሽ። እኔና ከድርም አብረን ነበር የምንሄደው፤ በአንድ ጃንጥላ፣ እሱ ረጅም ስለሆነ እሱ ይዞት። ጉሙ ከፊታችን ይከፈትልናል፣ ከኋላችን ይዘጋል። መንገዱ ስለማይታይ መቼም የማንደርስ ይመስለኝ ነበር። ባንደርስም አልጠላም፤ እውነቴን ነው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ያሸንፉኛል?"

"እንጃ ልጄ። ዳቦህን ብላ።"

"ካሸነፉኝ ወላሂ ተመልሼ እሄዳለሁ። እዚያም የሰው ሹፌር፣ እዚህም ባዶ እጅ! እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

"ኧረ በአላህ! በባዶ ሆድ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።"

ልጁን ቁምጣ ሱሪውን እየጠገንኩ ያሳደግሁት ነው፤ አሁን ወደ ባሕር ማዶ የምመልሰው እኔ ልሆን ነው። ልሸነፍ ብዬ አሰብኩ። መሸነፍ ደግሞ እችልበታለሁ። ግን ከመሸነፌ በኋላ ጠዋት ጀሪካን ይዘው የሚወርዱትን ሰዎች በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ እንዴት ላያቸው ነው?

ፍርድ ቤት ደግሞ ማስጠበቅ ያውቅበታል። አግዳሚ ወንበሩ ለስላሳ አልነበረም፤ እኔ ግን አልመርጥም። እንቅልፍ ሲወስደኝ እንቁራሪቶቹ መጡ። ተሰልፈው በየወንበሩ ተቀመጡ። ከመሐላቸው ሸምገል ያለው ጉሮሮውን ጠርጎ "በጆንያ ከቤታችን ያወጣኸን አንተ አይደለህም?" አለኝ። ነኝ አልኩ። "ታዲያ ዛሬ ስለ እኛ የምትናገረው በየትኛው ውክልና ነው?" አለ። ያን ጊዜ ስሜ ተጠራ።

ዳኛዋ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። የከድር ጠበቃ ግን ከወረኢሉ የመጣ፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ የሚላተም ሰው ነው። ያንን ፎቶ ከፍ አደረገው።

"እነዚህ ሰዎች በገዛ እግራቸው የቆሙበትን ደረቅ መሬት ነው ዛሬ ረግረግ ነው የሚሉት! ባለሙያ አይቷል፣ ለይቷል፣ ፈርሟል። ሲያመቻቸው ደረቅ፣ ሲያመቻቸው እርጥብ የሚሆን መሬት የት አገር አለ?"

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ። "ለባለሙያው ውሃ የለም ብላችሁታል?"

"ብለናል፣ ክብርት ዳኛ።"

"ለምን?"

"ጫማው አዲስ ነበር።"

"ቄጠማውስ?"

"አጨድነው።"

"ለምን?"

"እንግዳ ሊመጣ ነዋ!"

"የታጨደውን የት አደረጋችሁት?"

"ጎዘጎዝነው። ባለሙያው ረግጦት ነው የገባ።"

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። እሳቸውም የወሎ ልጅ ናቸው፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ሲታገላቸው አይቻለሁ። ከዚያ "ፍርድ ቤቱ ቦታውን ራሱ ሄዶ ያያል" አሉ። የክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት መሐል ገባና ጉብኝቱ ለጥቅምት ተቀጠረ።

ደስ ብሎኝ ሰፈር ስገባ ምን እንደጠበቀኝ አትጠይቁኝ። ዳኛ ሊመጡ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ገብቷል። ማጭዶች ድንጋይ ላይ ይሳላሉ። ጆንያ ተዘጋጅቷል። ስጋጃው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

"እናንተ ሰዎች!" ብዬ ጮህኩ። "እንዳትነኩት! እንዳለ ይታይ!"

"ዳኛ ያህል ሰው በጭቃ?" አሉ አያ ይማም። "ነውር አይደለም?"

"ነውር ነው! ነውራችንን ነው የምናሳያቸው!"

ከቤት ቤት እየዞርኩ የሰፈሩን ማጭድ በሙሉ ሰብስቤ ቤቴ ውስጥ ቆለፍኩት። ሰዎቹ አኮረፉኝ። እውነት ለመናገር እኔም ራሴን አላመንኩም፤ ጠዋት ቄጠማው መሐል ያለችውን አንዲት የተጣለች ላስቲክ አይቼ እጄ ሲበላኝ ነበር።

ዳኛዋ ከጸሐፊያቸው፣ ከጠበቃውና ከከድር ጋር በጉም ውስጥ መጡ። ሰፈሩ እጁን አጣምሮ፣ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እንቁራሪቶቹ ብቻ አላፈሩም። ጠበቃው ደረቁ ላይ ቆሞ "ይኸው እንግዲህ፣ ሣር ነው፣ ክብርት ዳኛ" አለ። ዳኛዋ ወደ ሣሩ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ቄጠማው እስከ ጉልበታቸው ዋጣቸው።

"ኧረ አላህ!" "ኧረ በማርያም!" ሰፈሩ ዋይ አለ። እኔ ልቤ እስክስታ ትመታለች፤ ፊቴን ግን የሐዘንተኛ አስመስዬዋለሁ። ዳኛዋን ጎትተው ሲያወጧቸው አንዱ ጫማቸው እዚያው ቀረ። ለጸሐፊው "ጻፍ" አሉት፣ በአንድ እግራቸው ቆመው።

እትዬ ዘሀራ ግን ከዚህ በላይ አልቻሉም። ሳይነገራቸው ጆጉንና ሳፋውን ይዘው ደረሱ፤ ዳኛዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፤ ተንበርክከው እግራቸውን ያጥቡ ጀመር።

"አፈር ስሆን የኔ እመቤት! እንግዳ እንዲህ አድርገን እናውቃለን? ያ ልብስ ሰፊ ነው እንዲህ ያዋረደን!"

"አይጨነቁ እናቴ" አሉ ዳኛዋ። "ውሃው ደስ ሲል! ቅዝቃዜው! ከየት የተቀዳ ነው?"

"ከየት ይሆናል ልጄ፣ ከዚሁ ከእግርሽ ሥር ነዋ! በበጋም አትነጥፍ፣ በክረምትም አትደፈርስ። ልጄን ያሳደግሁባት ውሃ እኮ ናት!"

ይህን ካሉ በኋላ ነው ያሉት ነገር የገባቸው። ጆጉ አየር ላይ ቆመ። ጠበቃው "ያለ መሐላ የተነገረ ቃል ነው፣ አይመዝገብ!" ብሎ ጮኸ።

ዳኛዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እናቴ፣ የተናገሩትን በመሐላ ይደግሙታል?"

እትዬ ዘሀራ ምንጯን አዩ። ልጃቸውን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ጉሙ በመሐላችን ያልፋል፤ የማንም ፊት በደንብ አይታይም፤ የያዙት ጆግ ግን እንደተንጠለጠለ ይታየኛል። በቃ፣ ክሱን ትቼዋለሁ ልል ምላሴ ላይ ደረሰ።

ከድር ቀደመኝ። በዚያ በተወለወለ ጫማው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ጆጉን ከእናቱ እጅ ወሰደ።

"እሷን አታስምሏት" አለ። "ይመዝገብ። እውነቷን ነው። እኔም ከዚች ጠጥቼ ነው ያደግሁ።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀረውን የዳኛዋን እግር አጠበ።

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። ልየታው ተሻረ፣ ፈቃዱም አብሮ ወደቀ፤ የሚሠራ ከሆነ ሙሉ ጥናት ተደርጎ እንደገና ይጠየቅ ተባለ። ከችሎት ስንወጣ ጠበቃው የከድርን ክንድ ይዞ "አብሽር! ይግባኝ አለ፤ ደሴ ድረስ እንሄዳለን" አለው።

"በእናት ላይ ይግባኝ የሚባለው ደሴ ነው እንዴ?" አለ ከድር። ጠበቃው ቦርሳውን ይዞ ሄደ።

ወደ ሰፈር አብረን ወረድን። ግማሽ መንገድ ላይ እንደምንም ጠየቅሁት።

"አሁን ትሄዳለህ?"

"ጉድጓዱ ከመንገዱ ማዶ ወደ ታች ቢሆንስ ብዬ መሐንዲሱን ልጠይቀው ነው" አለ። "ጋሼ፣ እናቴን አዩዋት? ለእንግዳ ክብር ካልሆነ እድሜ ልኳን ዋሽታ አታውቅም። ያን ዕለት ለእኔ ብላ በመሐላ ልትዋሽ አፏን ከፍታ ነበር። እሷን ጥዬ የት ነው የምሄደው?"